ለውቅያኖስ ውድድር የምትሆን 6.5 ሜትር ጀልባ፤ ኪሏ ቋሚ ይሁን ወይስ ተንቀሳቃሽ?

ሰማያዊ ሸራ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ብቻዬን ውቅያኖስ ላይ የምወዳደርባት ትንሽ የሸራ ጀልባ እየነደፍኩ ነው። ፋብሪካ ደጋግሞ የሚያወጣት ዓይነት አይደለችም፤ ከባዶ ተነስታ አንዴ ብቻ የምትሠራ ናት። የምከተለው ሚኒ 6.50 የሚባለውን የትንንሽ ውድድር ጀልባዎች መደብ የፕሮቶታይፕ ህግ ነው። ርዝመቷ ከ6.5 ሜትር፣ ስፋቷ ከ3 ሜትር፣ ከውሃ በታች ያለው ጥልቀቷ ከ2 ሜትር አይለፍ እንጂ ሌላውን ለነዳፊው በሰፊው የተወ ህግ ነው። ደስ የሚለኝም ይሄ ነው። የመደቡ ዋና ውድድር ሚኒ ትራንሳት በ1977 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ቦብ ሳልሞን የተባለው እንግሊዛዊ ያሰበው ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰውም በትንሽ ጀልባ አትላንቲክን እንዲወዳደር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ትልልቆቹ ጀልባዎች ላይ የምናያቸው ብዙ ነገሮች መጀመሪያ የተሞከሩት በዚህች ትንሽ መደብ ነው።

አሁን የያዝኩት ንድፍ እንዲህ ነው። ባዶ ክብደቷ 850 ኪሎ ገደማ። ኪሏ (ከሆዷ ወደ ውሃ የሚወርደው ክንፍ) ጫፍ ላይ 250 ኪሎ እርሳስ። ሁለት መሪ። የካርቦን ምሰሶ። ቀፎው፣ ማለትም የጀልባዋ አካል፣ ገና አልተወሰነም፤ ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ ወይም መሃሉ ፎም የሆነ ፋይበር ግላስ። የተጨነቅኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኪሉ ቋሚ ይሁን ወይስ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ? ሁለተኛ፣ አፍንጫዋ እንደ ድሮው ሹል ይሁን ወይስ አሁን እንደመጣው ክብ? ገንዘቤም ጊዜዬም ሁሉንም አይችልም። አንዱን ብቻ በደንብ ልሥራ ብል የቱን ትመርጡልኛላችሁ?

ስሌት ወዳድ፦

ሰላም ወዳጄ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ከኪልና ከአፍንጫ በፊት የሚመጣ ነገር አለ። ሁለቱም የሚያገለግሉት አንድ ነገር ነው፤ ነፋስ ጀልባዋን ሲያጋድላት መልሶ የሚያቃናት ጉልበት። ይሄ ጉልበት ሲበዛ ብዙ ሸራ ትሸከማለች። ብዙ ሸራ ከተሸከመች ከውሃው ላይ ወጥታ ትንሸራተታለች። 6.5 ሜትር ጀልባ ውሃ እያረሰች ስትሄድ ጣሪያዋ 6 ኖት (በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው፤ የርዝመቷ ጉዳይ ስለሆነ ምንም ብታደርግ አታልፈውም። ከዚያ በላይ የሚያስኬድህ መንሸራተት ብቻ ነው። ለመንሸራተት ደግሞ ቅለትና ጉልበት አብረው ያስፈልጋሉ። የዚህ መደብ ንድፍ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ግብግብ ነው።

በቁጥር እንየው። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ጀልባዋ 20 ዲግሪ ተጋድላለች እንበል። 300 ኪሎ እርሳስ ከመዞሪያው መሃል 1.8 ሜትር ዝቅ ብሎ ቋሚ ኪል ላይ ቢንጠለጠል የሚሰጥህ 185 ኪሎግራም ሜትር (ክብደት በክንድ ርዝመት ሲባዛ) ገደማ ነው። ያንኑ እርሳስ ወደ ነፋሱ ወገን 35 ዲግሪ ብታንቀሳቅሰው 440 ይሆናል። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፣ ያውም አንድ ኪሎ ሳትጨምር። ሰው ሁሉ ተንቀሳቃሽ ኪል የሚለው ወዶ አይደለም። አንተ ራስህ 75 ኪሎ ብትሆንና ጠርዝ ላይ ብትቀመጥ ወደ 100 ትሰጣለህ። 150 ሊትር ውሃ የነፋሱ ወገን ታንክ ውስጥ ብትሞላ ወደ 155። ውሃው ጥሩነቱ ሳትፈልገው መልሰህ ባሕር ውስጥ ትደፋዋለህ፤ እርሳስ አይደፋም።

አሁን ያላማረኝን ልንገርህ። 250 ኪሎው ያንስሃል። ህጉ ጀልባዋ 90 ዲግሪ ተጋድማ፣ ምሰሶዋ ጫፍ ላይ 45 ኪሎ ተንጠልጥሎባት መልሳ መነሳት እንድትችል ይጠይቃል። ምሰሶህ ከመሃሉ 11 ሜትር ቢርቅ ያ 45 ኪሎ ብቻውን ወደ 495 ኪሎግራም ሜትር ይጎትታል። 250 በ1.8 ሲባዛ 450 ነው። የቀፎው ቅርጽና ክብደት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አለ፣ እሱን ኮምፒውተር ላይ አውጣው፤ ግን ከጅምሩ እንዲህ ጠርዝ ላይ መቆም ጥሩ አይደለም። ወይ እርሳሱን ጨምር፣ ወይ ምሰሶውን አሳጥር፣ ወይ ምሰሶውን አቅልል። እኔ ብሆን ከምሰሶው እጀምራለሁ። እዚያ ጫፍ ላይ የምትቀንሳት አንዲት ኪሎ ታች ከብዙ ኪሎ እርሳስ ጋር የምትመጣጠን ናት፤ ክንዷ ረጅም ነዋ።

ስለ አፍንጫው ባጭሩ፦ ክቡን ውሰድ። ዴቪድ ሬዞን በክብ አፍንጫ የሠራትን ጀልባ ይዞ በ2011 ሚኒ ትራንሳትን ሲያሸንፍ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው መልኳን አይቶ ብቻ ነው የፈረደባት። ምስጢሩ ጀልባዋ ስትጋደል ነው። ሹል አፍንጫ ያላት ጀልባ ስትጋደል ውሃ የያዘው ቅርጽ ይጣመማል፣ አፍንጫዋም ወደ ታች ይሄዳል። ክብ አፍንጫ ያላት ስትጋደል ግን በአንድ ጎኗ ረጅምና ቀጭን መስመር ሠርታ ትቀመጣለች፤ ተንሳፋፊው ቅርጽ ወደ ጎን ርቆ ስለሚሄድ የሚያቃናው ጉልበት ያለ ተጨማሪ ክብደት ያድጋል። ነፋስ ከኋላ ሆኖ ማዕበል ስትወርድም አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ አትቀብርም። ይሄ ሁሉ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለውም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም።

ቀፎ ሠሪ፦

ስሌት ወዳድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከሚሠራው ሰው በኩል ልናገር።

ሰዎች ኪል ሲሉ ከውሃ በታች ያለውን ክንፍ ያስባሉ። እኔ የማስበው ክንፉ ከጀልባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ጀልባዋ በማዕበል ተመትታ 90 ዲግሪ ስትተኛ እርሳሱ አየር ላይ አግድም ይንጠለጠላል። 300 ኪሎ በ1.8 ሜትር፣ 540 ኪሎግራም ሜትር ነው፤ የክንፉ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። አሁን ይሄን ኪል ወለሉ ላይ በሁለት ረድፍ ቡሎን አሰርከው እንበል፣ በረድፎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አለ። አንዱ ረድፍ የሚጎተትበት ኃይል 5.4 ቶን ይሆናል። ያውም ዝም ብላ ስትተኛ ነው፤ ማዕበል ሲያንገጫግጫት ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ነዳፊዎች ብዙ እጥፍ መጠባበቂያ የሚይዙት።

ያንኑ ክንፍ ግን ወለሉን አልፎ እስከ ደኩ (የጀልባዋ የላይ ክዳን) እንዲዘልቅ ብታደርገውና ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ብታስገባው ታሪኩ ይቀየራል። በወለሉና በደኩ መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ካለህ ላይኛው ነጥብ የሚይዘው 770 ኪሎ ገደማ ነው፣ ታችኛው 1 ቶን ከትንሽ። ይሄን ፋይበር ግላስ ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። የሚጎተት ቡሎን የለም፣ ዳዶው ላልቶ ይሆን እያልክ ሌሊቱን አትነቃም። ውስጥ ቦታ ይሻማሃል፣ እውነት ነው። ለብቻህ ነህና ቻለው።

ይሄን ያህል የምጨቀጭቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1985 የፋስትኔት ውድድር ላይ ድራም የምትባለው ትልቅ ጀልባ ኪሏ ተገንጥሎ ተገልብጣለች። በ2011 በዚያው ውድድር ራምብለር 100 ላይ ያው ደረሰ። የእነዚህ ሰዎች ተረፉ። በ2014 አትላንቲክ ላይ ቺኪ ራፊኪ ኪሏ ሲለያት ግን የነበሩባት አራቱም ሰዎች ሞተዋል። ኪል የሌላት ጀልባ ለማሰብ እንኳን ጊዜ አትሰጥም። እና ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ ላይ ጨርሰው። ካርቦኑ ይቅር፣ ቀለሙ ይቅር፣ ይሄ ግን አይቅር። አይኤስኦ 12215 ክፍል 9 የሚባለው መመዘኛ ስለ ኪል አያያዝ ነው፤ 90 ዲግሪ የመተኛቱንም መሬት የመምታቱንም ስሌት ያስቀምጥልሃል። እሱን ሳታልፍ መጋዝ አታንሳ።

ስለ ቀፎው ብዙ አልልም። ኮምፔንሳቶ አትናቀው። ግሎብ 5.80 የሚባለው መደብ ሙሉ በሙሉ በኮምፔንሳቶና በኢፖክሲ ሰዎች በየግቢያቸው የሚሠሩት ነው፣ በ2025 በእነዚህ ጀልባዎች ዓለምን የሚዞር ውድድር ከአንቲጓ ተነስቷል። ግን ክብ አፍንጫ ከወሰንክ ኮምፔንሳቶ እንደ ልብ አይጎብጥልህም። አንድ ወረቀት ባንድ አቅጣጫ ይጎብጣል እንጂ በሁለት አቅጣጫ እሺ አይልም። ማዕዘን ማዕዘን እያደረግክ ትሠራዋለህ፣ ይቻላልም፣ ክብደቱ ግን ከፎሙ ይበልጣል። ለዚህ ንድፍ ፎም ይሻላል። ከወለሉ በታች ማዕበል የሚመታው ቦታ ላይ ግን ፎሙ ጠንከር ያለ፣ ግላሱም ደረብ ያለ ይሁን፤ ክብ አፍንጫ ውሃውን በደረቷ ነው የምትመታው።

ነፋስ ቀደም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና አልስማማም። ልጁ የሚሠራው ለውድድር ነው። ፕሮቶታይፕ መርጦ ቋሚ ኪል ካደረገ ለምን ፕሮቶታይፕ መረጠ? ቋሚ ኪል ከፈለገ የሲሪየስ ምድብ አለለት። ከ10 በላይ ተመሳስለው የተሠሩ ጀልባዎች የሚወዳደሩበት ነው፣ አንዱን ያገለገለ ገዝቶ ነገ ይወጣል። ሚሼል ዴጆዮ ተንቀሳቃሽ ኪል ያላት ሚኒ ሠርቶ የተወዳደረው በ1991 ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬም አዲስ ነገር ነው፣ ይሰበራል እያልን እንፈራዋለን? ከፊት የሚሄዱት ፕሮቶታይፖች በአብዛኛው ይሄው አላቸው። ስሌት ወዳድ ራሱ ከ185 ወደ 440 ብሏል። ይሄን ጥሎ የሚሄድ ተወዳዳሪ ምን ሊወዳደር ነው?

ሌላም አለ። ስፋቷ 3 ሜትር የሆነ ጀልባ፣ ያውም ደኳ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ከተገለበጠች በኋላ ተገልብጣ መቅረት ትወዳለች። በ1999 ኢዛቤል ኦቲሲዬ ደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ሰፊዋ ጀልባዋ ተገልብጣ አልነሳ ስትላት ጆቫኒ ሶልዲኒ መጥቶ ነው ያወጣት። ተንቀሳቃሽ ኪል ካለህ ተገልብጠህም እርሳሱን ወደ አንድ ወገን ገፍተህ ሚዛኗን ማዛባት ትችላለህ። ደህንነት ብላችሁ ከተነሳችሁ ይሄም ደህንነት ነው።

ቀፎ ሠሪ፦

ነፋስ ቀደም፣ የመጨረሻው ነጥብህ ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። ዴጆዮ ያንን ሲሠራ ግን ራሱ የሚያውቀውን ነገር በራሱ እጅ ነው የሠራው። እዚህ ጠያቂያችን ገንዘቤም ጊዜዬም ሁሉንም አይችልም ብሏል።

ተንቀሳቃሽ ኪል ሲባል ምን ምን እንደሚከተል ይታሰብ። ኪሉ የሚዞርበት ፔርኖና ኩሽኔታ አለ፤ ያ ሁሉ ጭነት በነሱ ላይ ያልፋል። የሚጎትቱት ገመዶችና ፑሊዎች አሉ። ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው ነገር አለ። ኪሉ ወደ ጎን ሲሄድ ደግሞ ጀልባዋ በነፋስ ወደ ጎን እንዳትገፋ የሚይዛት ነገር ያጣል፣ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የሚሰካ ሌላ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ቀፎው ላይ ቀዳዳና ሳጥን። ስሌቱ 440 ሲል የዚህን ሁሉ ክብደትና የሥራ ሰዓት አልቆጠረም። በደንብ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ኪል ድንቅ ነገር ነው። በጥድፊያ የተሠራው ግን ከቋሚው እጅግ የባሰ ነው።

ብቻዋን በባሕር፦

ወንድሜ ሰማያዊ ሸራ፣ እኔ ነዳፊ አይደለሁም፤ ብቻዬን የምወዳደር ነኝ። እነዚህ ሦስቱ ስለ ጀልባዋ ሲከራከሩ ስለ አንተ ማንም አልጠየቀም።

ብቻህን ስትሆን ፈጣኗ ጀልባ ማለት ተኝተህም በፍጥነት የምትሄደው ናት። ከጊዜህ አብዛኛውን መሪውን የሚይዘው ኦቶፓይለት፣ ማለትም ጀልባዋን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ ነው፣ አንተ ሸራ ትቀይራለህ፣ ካርታ ታያለህ፣ ትበላለህ፣ በትንንሽ በትንንሹ ትተኛለህ። ኦቶፓይለት ደግሞ የሚቀጥለውን ማዕበል አያይም። ሚዛኗ የተስተካከለ ጀልባ ከሆነች በትንሽ ኤሌክትሪክ ቀጥ አድርጎ ይነዳታል። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የምትል ከሆነች ባትሪህን ይጨርሳል፣ ሶላሩም አይደርስለትም፣ ከዚያ እጅህ መሪው ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት መሪ ማድረግህ ጥሩ ነው። ኋላዋ ሰፊ የሆነች ጀልባ ስትጋደል መሃል ላይ ያለ አንድ መሪ ግማሹ ከውሃ ይወጣል። ሁለት ሲሆን ታች ያለው ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ይቆያል።

ክብ አፍንጫውን እኔም እደግፋለሁ፣ ነፋስ ከጎንና ከኋላ ሲሆን ደስ ትላለች። ግን አንድ ነገር ማንም አላስጠነቀቀህም። ወደ ነፋሱ ስትሄድና ባሕሩ አጭር አጭር ማዕበል ሲኖረው ድብደባው ከባድ ነው። ውስጥ ሆኖ መተኛት ቀርቶ ማሰብ ያስቸግራል፣ የታሰረ ዕቃ ሁሉ ይፈታል። ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ ያ ሁሉ ሰፊ ሆድ ውሃው ላይ ይጣበቃል። መልሱ አፍንጫውን መተው አይደለም። ዝቅተኛው ነጥብ ከውሃው በደንብ ከፍ ይበል፣ የሆዷም ፊት በጣም ጠፍጣፋ አይሁን።

ከነፋስ ቀደምና ከቀፎ ሠሪ ክርክር ደግሞ መሃል መንገድ አለ፤ የውሃ ታንክ። በየጎኑ አንድ። ስሌት ወዳድ 155 ብሎልሃል፣ አንተ ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ 100፣ የምግብ ከረጢትህንና መሣሪያህን ወደ ነፋሱ ወገን ስታዛውር ደግሞ ሌላ ትንሽ ይጨመራል። እኛ ብቻችንን የምንሄደው ሰዎች አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ያንን ሁሉ ዕቃ ማጓጓዝ ሥራችን ነው። ቋሚ ኪል፣ ሁለት ታንክ፣ ክብ አፍንጫ። ከሁሉ ፈጣኗ አትሆንም። ግን ውድድሩን ትጨርሳለች፣ በዚህ መደብ ደግሞ ሳይጨርሱ የሚመለሱት ብዙ ናቸው።

ሰማያዊ ሸራ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም።

ነፋስ ቀደም፣ ለምን ፕሮቶታይፕ ላልከው፣ ራሴ የነደፍኳትን ጀልባ መንዳት ስለምፈልግ ነው። ማሸነፍ ብቻ ቢሆን አንተ እንዳልከው ያገለገለ እገዛ ነበር። የመገልበጡን ነገር ግን በደንብ ነው ያነሳኸው፣ ደኩን ጠፍጣፋ አድርጌ ስዬው ነበርና ዛሬ ጎበጥ ማድረግ ጀምሬያለሁ።

እና አሁን ያለሁበት፦ ቋሚ ኪል፣ እስከ ደኩ የሚዘልቅ፣ 310 ኪሎ እርሳስ። ምሰሶው 40 ሳንቲ ሜትር አጠረ። ክብ አፍንጫ፣ ሁለት የውሃ ታንክ፣ ፎምና ፋይበር ግላስ። የኪሉ ሳጥን ከደኩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ ወደፊት ተንቀሳቃሽ ኪል ለማስገባት እንዲቻል ሰፋ አድርጌ መተው እችላለሁ ወይ ብዬ እያሰብኩ ነው። ሌላ የቀረኝ ጥያቄ ባትሰምጥ የሚለው ነው። ውሃ ቢሞላባት እንድትንሳፈፍ ምን ያህል ፎም ያስፈልገኛል?

ስሌት ወዳድ፦

አሁን ጀልባ መሰለች።

ለፎሙ፣ 1 ኪዩቢክ ሜትር የተዘጋ አየር ወይም ፎም በጨው ውሃ ውስጥ 1,025 ኪሎ ያነሳል፣ የፎሙን የራሱን ክብደት ቀንስ። ታንኮችህ ባዶ ሆነው ከነዕቃህና ከነራስህ 1,050 ኪሎ ብትሆኑ፣ የቀፎው ቁስ ራሱ የሚያነሳው ስላለ፣ 1 ኪዩቢክ ሜትር በግምት ያንሳፍፋችኋል። እርሳሱ ላይ ግን ተስፋ አታድርግ፣ ውሃ ውስጥም ክብደቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ያንን ትንሽ አሳድገህ 1.2 ያዝ። ሁሉንም አፍንጫው ውስጥ እንዳትጨምቀው፤ ውሃ ስትሞላ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ከፋፍለው። ከአፍንጫው ኋላ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ አድርግ፤ ተንሳፋፊ ዕቃ ብትመታ ውሃው እዚያ ይቀራል። ኋላ በኩልም ተገልብጣ እያለች የምትወጣበት መስኮት አትርሳ።

ቀፎ ሠሪ፦

ሳጥኑን ለወደፊት ሰፋ አድርጌ ልተወው ላልከው፣ አታድርገው። ቋሚ ኪል ሳጥኑ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ክፍተት ካለ በእያንዳንዱ ማዕበል ይመታዋል፣ ቀስ በቀስም ይበላዋል። ተንቀሳቃሽ ኪል ደግሞ ወለሉ ላይ የሚፈልገው መዋቅር ጭራሽ ሌላ ነው። ያኔ ሌላ ጀልባ ትሠራለህ። አሁን ሳጥኑን ከግራና ከቀኝ ከቀፎው ጎን ጋር የሚያያይዙ ሁለት ግድግዳዎች አድርግለት፤ አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ፊተኛውን ምሰሶው ስር እንዲውል አድርገህ ብትስለው አንድ ግድግዳ ሁለት ሥራ ይሠራልሃል። የመሪዎቹንም አያያዝ ስትደርስበት አንድ ነገር አስብ፦ ሲመታ ቀድሞ የሚሰበር ቀጭን ፒን ይኑረው፣ መሪው ወደ ላይ ይነሳ፣ ኋላዋን ይዞ አይገንጠል። መለዋወጫ ፒኖችን ጨለማ ውስጥ በእጅህ ዳብሰህ በምታገኝበት ቦታ አስቀምጥ። ስዕሉን ስትጨርስ ለጥፈው፣ የግድግዳዎቹን ውፍረት አብረን እናየዋለን።